የእህቴ መቀነት

ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለእታለም የብርጓል፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎት ጤናዎ የሞላ፣ ጉልበትዎ የበረታ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባትም ዓይንዎ የማያስቸግርዎት እንዲሆን የመርጡለ ማርያሟን እመቤት እለምናለሁ። እኔ ከብርዱ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም። እዚህ ስዊድን ፀሐይዋ ሥራ የምትጀምረው ረፍዶ ነው፤ የምትጨርሰውም ሰው ምሳውን ሳያወራርድ ነው።

ስልክ ትቼ የምጽፍልዎት ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። እርስዎ ስልክ የሚያነጋግሩት ጎረቤትዎ ሙሉብርሃን ቤት ሆነው ነው፤ ዛሬ የምጠይቅዎት ነገር ደግሞ በሰው ፊት የሚወራ አይደለም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ጨርቅ አለ። ሲፈቱት እባክዎ ብቻዎን ይሁኑ። ነጭ አቡጀዲ ነው። በላዩ በእርሳስ የሳልኩት የሴት ገላ ነው፤ ቁመቱም የሰው ቁመት ያህላል። ልብስ የላትም፣ ፊቷም ገና ባዶ ነው። ይህች ሴት እናቴ ናት።

የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ሴት ገላ ነው፤ በሥዕልና በጥልፍ። እዚህ በየሙዚየሙ የሴት ገላ ሞልቷል። አብዛኛውን የሳሉት ወንዶች ናቸው፤ የተሳሉትን ሴቶች ስም ግን የሚያውቅ የለም። እኔ ስሟ የሚታወቅ አንዲት ሴት፣ በምታውቃት ሴት እጅ ተሰፍታ ትታይ ብዬ አሰብኩ። ችግሩ እኔ አላውቃትም። ያለኝ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ ስባዋለች። ገና ስድኽ በንዳድ እንደሞተች ነው የነገራችሁኝ።

እርስዎ ግን አንድ ቁርበት ላይ አብረዋት ተኝተው አድገዋል፣ ወንዝ አብረው ታጥበዋል፣ በመጨረሻም ገላዋን አጥበው የገነዟት እርስዎ ነዎት። የሚያስታውሱትን ሁሉ በመርፌዎ ይስፉልኝ። ጠባሳዋን፣ ጡቷን፣ ሆዷን፣ እግሯን። ይህን ሥራ ሳልጨርስ መመረቅ ይቻለኝ ይሆናል። እሷን ሳላውቅ ግን የየኔአለም ልጅ ነኝ ማለት ከብዶኛል።

ክሩን ከጥቅሉ ውስጥ ያገኙታል።

ልጅዎ ማርያማዊት


መርጡለ ማርያም፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለማርያማዊት፣

እንደምን ከርመሽልኛል? የሰው አገር ነፋስ አይንካሽ፣ ክፉ ሰው ደጅሽን አይርገጠው፣ የዛሬዋ ጽዮን ማርያም ስትወጪም ስትገቢም አትለይሽ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ዶሮዎቼን ሸለምጥማጥ ፈጅቷቸው አውራው ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱም ካዘነ ወዲህ መጮኹን ትቷል፣ እኔ ነኝ የምቀሰቅሰው።

ብቻዎን ይፍቱት ያልሽውን ያነበብኩት ከፈታሁት በኋላ ነው። ሙሉብርሃን ከደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት አምጥቶልኝ፣ ሚስቱም ዜማ ተከትላው መጥታ፣ ምን እንደተላከልኝ ካላየን ብለው ቆሙ። ዘረጋሁት። ሙሉብርሃን ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። ዜማ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ «አልጋ ልብስ ነው» አልኩ። «እታለም፣ ጡት ያለው አልጋ ልብስ ከየት አገር መጣ?» አለችኝ። ሁለቱንም አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ፤ ከዚያ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ፤ ከሳቄ በኋላ ደግሞ አለቀስኩ። ቁመቷን እንዴት አወቅሽው? ቁመቷ ልክ ነው።

የምትጽፊው ነገር ገብቶኛል። እኔ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ የራሴን ገላ እንኳ ሙሉውን አይቼው አላውቅም፤ በዳበሳ ነው የማውቀው። የእህቴን ግን አይቼዋለሁ። እሰፋልሻለሁ።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። የኔአለም አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። ሦስት ዙር ነው፤ ከታችኛው ዙር መካከል ላይ ትንሽ መስቀል ይንጠለጠላል። ፎቶ ላይ ነጠላዋን ወደ ላይ የሳበችው ፎቶ አንሺው «ይህን የባላገር ነገር ሸፍኚው» ብሏት ነው። ቁይ ገበያ የምትነቅስ ሴት ነበረች፤ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ነቀሰችን። እኔ አገሩን በጩኸት ሳውከው እሷ እየሳቀች ጨረሰች። ቀኝ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ አላት፤ ከአጥር ስትዘል ነው። የግራ ጡቷ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል። የእግሯ ሁለተኛ ጣት ከአውራ ጣቷ ይበልጣል፤ ያንቺን እዪው።

ለንቅሳቱ አንቺ የላክሽው ሰማያዊ ክር አይሆንም። ጥላሸት ያለበት የሚመስል አረንጓዴ ፈልጊልኝ። መነጽርም ብታገኚልኝ ደግ ነበር፤ አሁን አሁን ክሩን ሳይሆን አየሩን ነው የምወጋው።

ስለ ሆዷም ጠይቀሻል። ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

አክስትሽ የብርጓል


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም የብርጓል፣

መጪው ገና የደስታ ይሁንልዎት፤ ለአውራ ዶሮውም እግዜር ጓደኛ ይስጠው። ደብዳቤዎን ሳነብ ጫማዬን አውልቄ ጣቴን አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማን እንደመጣ የማላውቀው ጣት ነበር። አሁን ክፍሌ ውስጥ ባዶ እግሬን ነው የምሄደው፤ ብርዱ ምንም አልመሰለኝም።

ንቅሳቱን ግን እንዴት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም? የእርስዎን አንገት እያየሁ አድጌያለሁ፤ የእናቴም እንደዚያ ይሆናል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ለአስተማሪዬ ነገርኳት። እናትሽ ገላዋ ላይ ተስሎባታል፣ ከዚያም እንድትሸፍነው ተደርጓል ማለት ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ፌሚኒዝም ብለን የምንማረው ብዙ ወረቀት አለው፤ መነሻው ግን ይኸው ነው፦ ሴት በገላዋ እንዳታፍር፣ ሸፍኚው የሚላት ሰው ደግሞ እንዲያፍር።

አረንጓዴ ክሩንና ሁለት መነጽር ልኬያለሁ፤ አንደኛው ቢሰበር ሌላው አለ። የመመረቂያ ኤግዚቢሽኑ በነሐሴ ነው። ስለዚህ ሆዷን፣ ወገቧን፣ እኔን ያረገዘችበትን ሁሉ፣ ምንም ሳያስቀሩ ይስፉልኝ።

ልጅዎ ማርያማዊት


መርጡለ ማርያም፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፣

ጾሙ ገብቷል፤ በጾም ጸሎት የሚሰማ ከሆነ አንቺን ከጉንፋን ጠብቅልኝ ብያለሁ። መዘግየቴን አትቀየሚኝ። ያንቺ ጥቅል መንገድ ተዘግቶበት ደጀን ላይ ከረመ። መነጽሩ ደርሶኛል። እድሜ ላንቺ፤ የቤቴን አቧራ ሁሉ አየሁት፣ ባላየው ይሻል ነበር።

ጨርቁን ጨርሼ ልኬልሻለሁ። ንቅሳቷ፣ ጉልበቷ፣ ጣቷ፣ ሁሉም አለ። ፊቷንም ሞክሬዋለሁ፤ ዓይኗን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው የሰፋሁት።

እንግዲህ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። እናንተ አገር ብርድ ነው ስላልሽኝ አለበስኳት። ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀሚስ ነው፤ ደረቱ ላይ ጥልፍ፣ ጠርዙ ላይ ጥለት አለው። ወገቧን በቀይ ክር መቀነት አስታጥቄያታለሁ። በዕድሜዬ ከጠለፍኩት ቀሚስ ሁሉ ይበልጣል፤ ሙሽራ ብትለብሰው አያሳፍርም።

እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ብትቆጪም ግድ የለም፣ እንዲሁ ተይው።

ሌላ ወሬ የለም። ዜማ አርግዛለች፤ የመጀመሪያዋ ነው።

አክስትሽ የብርጓል


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም የብርጓል፣

ጾምዎን ያስፈጽምዎት። ጨርቁ ደርሶኛል። ስቱዲዮ ውስጥ ስዘረጋው አብረውኝ የሚማሩት ሥራቸውን አቁመው መጡ፤ አንዷ ተንበርክካ የጥለቱን ጠርዝ ስታይ ነበር። እኔም ዓይኗን አየሁት። እናቴ አየችኝ፣ እታለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ዓይኔን አየ።

ግን ተቆጥቻለሁ። ፎቶ አንሺው ነጠላዋን ወደ አገጯ አስሳባት፤ እርስዎ ደግሞ ከትከሻዋ እስከ እግሯ ሸፈኗት። እሱ ስላላወቃት ነው፤ እርስዎ ግን እህቷ ነዎት። በቀይ ክር ያን ያህል ወፍራም መቀነት የሰፉት ከሥሩ ምንም እንዳይታይ ነው። በጣቴ ዳበስኩት፤ ከሥሩ ባዶ ነው፣ ምንም አልሰፉም። ጉልበቷን ሰጡኝ፣ ሆዷን ግን ነፈጉኝ። እኔ ከዚያ አይደል የወጣሁት?

ጨርቁን ለፋሲካ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ መልሼ ልኬዋለሁ። እባክዎ ቀሚሱን ይፍቱልኝ። ልብሷን አውልቀው ሆዷን ይስፉልኝ። ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ፤ ስትቆጪ የኔአለምን ትመስያለሽ ይሉኝ ነበር፣ እንግዲህ ይቻሉኝ።

ልጅዎ ማርያማዊት


መርጡለ ማርያም፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፣

እንኳን ለልደታ አደረሰሽ። ሴቶቹ ንፍሯቸውን ይዘው ከዋርካው ሥር ወጥተዋል። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀርቼ፣ በሬን ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ቁጭ በይ።

ቀሚሱን ፈታሁት። አንድ በአንድ፣ በመቀስ ጫፍ፣ ጨርቁን ሳልነካ። ክሩ ወጣ፤ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ግን እምቢ አለ። አጠብኩት፣ አሸሁት፣ ተኮስኩት፤ አልደፈን አለ። አሁን ራቁቷን ናት፤ ለብሳው የነበረው ቀሚስ ግን በቀዳዳ ነጠብጣብ ከነጥለቱ ገላዋ ላይ ቀርቷል። ጨርቅሽን ማበላሸቴ ነው።

ለምን እንዳለበስኳት ልንገርሽ። ብርዱ ሰበብ ነው። አፍሬባትም አይደለም። ሆዷን እንዳታዪው ብዬ ነው። እኔ ስለ የኔአለም ሳስብ የሚመጣልኝ ሌላ ሆድ አይደለም፣ የመጨረሻ ቀኗ ሆድ ነው፤ እጄ ሌላ አይሰፋም።

ልጄ፣ እናትሽን ንዳድ አልገደላትም። በወሊድ ነው የሞተችው። የተወለድሽውም አንቺ ነሽ።

ጥር ሃያ አንድ ነበር፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። ያኔ የምንኖረው እዚህ ከተማ አልነበረም፣ ገጠር ነው። ምጡ ጸንቶባት አደረ። ሲነጋ ወደ ጤና ጣቢያ እናውርዳት ተባለ። ቃሬዛው አለ፤ የሚሸከም ወንድ ግን ጠፋ። አባትሽም ሌላውም ወንድ ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ መርጡለ ማርያም ወርዷል። ሴት ቃሬዛ ተሸክማ አታውቅም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ቆመን ወንድ ጠበቅን። ፀሐይዋ ወጥታ ከረር እስክትል ጠበቅን።

መቀነቷ እኔ ዘንድ ነበር። ምጥ ሲይዝ መቀነት ይፈታል፤ እኔ ፈትቼ አንገቴ ላይ አጣፍቼው ነበር። መጨረሻ ላይ «ሴትም ትከሻ አላት» አልኩና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ሦስት ሴቶች መጡ። ተሸከምናት። ሌሎቹ ከኋላ እየተከተሉ ያሳርፉን ነበር።

ከተማው ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን «አውርዱኝ» አለች። ወይራ ዛፍ ሥር አወረድናት። እዚያ ተወለድሽ። «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሴት ናት» አልኳት። «እሰይ» አለች። ልክ ያን ጊዜ ታቦቱ ከመንበሩ ወጣ መሰለኝ፣ እልልታው ከከተማው ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ነው እልል የሚባለው፤ የዚያን ቀኑ ግን ማብቂያም አልነበረው። የኔአለም ፈገግ ብላ «ስሚ፣ ለሷ ነው» አለችኝ። ላንቺ ማለቷ ነው።

ደሟ ግን አልቆም አለ። የምንጠቀልልሽ ጨርቅ ማንም አልያዘም። መቀነቷን ከአንገቴ አውርጄ አንቺን በሱ ጠቀለልኩሽ፤ ሰፊ የባላገር መቀነት ስለሆነ በቃሽ። ከወሊድ በኋላ የእሷ ሆድ ሊታሰርበት የነበረ ነው። ደረቷ ላይ አስተኛሁሽ፤ አየችሽ። እያየችሽ ነው የሄደችው።

እንዲህ ስለተወለደ ልጅ ሰው የሚለውን ታውቂያለሽ። እናቷን የበላች ይሉሻል። ይህ ቃል ከኋላሽ እየተከተለሽ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ፈራሁ። አርባዋን ካወጣን በኋላ አዝዬሽ ወደዚህ ገባሁ። ባለቤቴ ሽማግሌ ልኮ ነበር፣ አልተመለስኩም። አንቺ ለጥልፍ ብዬ ከተማ የገባሁ ይመስልሽ ነበር፤ ጥልፉን የተማርኩት ከገባሁ በኋላ ነው። አባትሽም፣ ቃሬዛ የተሸከሙትም ሴቶች አፋቸውን ይዘውልኛል።

ሆዷን ሰፍቼዋለሁ። ራሴ በፈተልኩት ጥጥ ነው፣ ነጭ በነጭ ላይ። ቆመሽ ብታዪው አይታይም፤ እጅሽን ጣል አድርጊበት፣ ታገኚዋለሽ። መቀነቱንም ከሳጥኔ አውጥቼ አብሬ ልኬዋለሁ። ያንቺ ነው፤ የመጀመሪያ ልብስሽ ነው።

ልጄ፣ ዝም አትበይኝ።

አክስትሽ የብርጓል


መርጡለ ማርያም፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማርዬ፣

ሙሉብርሃን ፖስታ ቤት ሄዶ ነበር፤ ምንም የለም አሉት። መንገዱ ይሆናል ብያለሁ። ቢከፋሽም ከፋኝ ብለሽ ጻፊልኝ፤ ክሩ አልቋል ብዬ እንኳ የምጽፍልሽ ሰበብ የለኝም።

የብርጓል


ጎተንበርግ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእታለም የብርጓል፣

ሰላምታዬ ዘግይቶብዎታል፤ ልብዎ እንደተሰቀለ ስላቆየሁት ይቅር ይበሉኝ። ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቁጭ ብዬ ነው፣ ግን አውቶቡስ ውስጥ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሾፌሩ መጥቶ «እዚህ ነው የሚያበቃው» አለኝ፤ ከዚያ ነው ያለቀስኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት መሐረብ ሰጠኝ።

ጨርቁን ለብዙ ቀን አልፈታሁትም። ስፈታው ብቻዬን ነበርኩ፤ ያኔ እርስዎን የለመንኩትን እኔ አደረግኩት። መቀነቱን አወጣሁ። አንድ ጥግ ላይ የቡና ዓይነት መልክ ያለው ቦታ አለ፤ አላጠቡትም። ስላላጠቡት እግዜር ይስጥዎት።

ከዚያ መብራቱን አጥፍቼ እጄን ጨርቁ ላይ ጣል አደረግኩ። አገኘሁት። ከጎድኗ በታች ጀምሮ ከፍ ይላል፤ ክሩ ጠጠር ያለ ነው። መዳፌን እዚያ አሳርፌ ቆየሁ። ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ ስል፣ እታለም፣ ደስ አለኝ። ማዘን ይገባኝ ነበር፣ አዝኛለሁም፤ ግን ደስ አለኝ።

ተናድጃለሁም። በእርስዎ አይደለም። ወንድ እስኪመጣ ቆማችሁ በጠበቃችሁበት በዚያ ሰዓት ነው የተናደድኩት። እናቴን የበላኋት እኔ አይደለሁም። ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ፤ እርስዎም ካለፈው ሁሉ በኋላ ጮክ ብለው ቢሉት ደስ ይለኛል። ያን ቃል እንዳልሰማ ትዳርዎን ትተው ገቡ፤ እኔ ደግሞ ነፈጉኝ ብዬ ጻፍኩልዎት።

ቀዳዳዎቹን አበላሸሁት ብለው አይዘኑ። ጨርቁን መስኮት ላይ ሰቅዬው ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ቀሚሱ በሙሉ በራ። ራቁቷንም ናት፣ ለብሳለችም። አስተማሪዬ «ይህን እንዴት አሰብሽው?» አለችኝ። እኔ አላሰብኩትም፣ አክስቴ እኔን ለመደበቅ ስትል ነው የሠራችው አልኳት። በነሐሴ ሲሰቀል ሥሩ ላይ «በእጅዎ ይንኩ» ብለን እንጽፋለን። መቀነቱ ከጎኗ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል።

ቃሬዛውን ያነሡትን ሴቶች ስም ይላኩልኝ። ከጨርቁ ጠርዝ ላይ እኔው ራሴ እሰፋዋለሁ፤ ስፌቴ ከእርስዎ ጋር ባይተካከልም።

ልጅዎ ማርያማዊት


መርጡለ ማርያም፣ ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፣

እንኳን ለኪዳነ ምሕረት አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት፤ መነጽሩ እየጨፈገገብኝ ስጠርግ ዋልኩ። ያልሽኝንም አድርጌያለሁ። ጓሮ ወጥቼ «ልጄ እናቷን አልበላችም» ብዬ ጮኽኩ። የሰማኝ አውራ ዶሮው ነው፤ ደንግጦ እሱም ጮኸ፣ ከዚያ ወዲህ አላቆመም።

የሴቶቹን ስም በሌላ ወረቀት አድርጌልሻለሁ። ሁለቱ አርፈዋል። አራተኛዋ እኔ ነኝና የእኔንም ስፊው።

አሁን ስለ ዜማ ልንገርሽ። ቀሚሱን ስፈታ አንድ ቀን ገብታ አየችኝ። ያኔ ገና ሆዷ አልገፋም ነበር። «ይህችን ሴት ልብሷን ለምን ትገፊያታለሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ካንቺ በፊት ለሌላ መንገሬ ደግ አልነበረም፤ ግን እርጉዝ ናት፣ ዝም ልላት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሙሉብርሃንን ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ ቀኔ ሳይደርስ ካልገባሁ ብላ ይዛዋለች። አማቷ «እኛ ሁላችንም ቤታችን ነው የወለድነው» ስትል እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። «ሁላችንም አይደለንም» አልኳት። ዜማ መስከረም መጨረሻ ላይ ትገባለች።

ይህን ያወራሁልሽ ልለምንሽ ነው። መቀነቱን መልሺልኝ። ሰጥቶ መንሳት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያውም ያንቺ ነው ብዬሽ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሰው አገር ሰው እንደሚያየው ሳስብ ደስም ይለኛል። ነገር ግን ያ መቀነት የተሸመነው የአራስ ሆድ ሊያስር ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላሰረም። ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት ፈርቼው ነው፣ ገደ ቢስ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ አልፈራውም። ዜማም ጠየቀችኝ፤ በሱ እሰሪኝ አለችኝ።

እምቢ ብትይም አልቀየምሽም።

አክስትሽ የብርጓል


ጎተንበርግ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም የብርጓል፣

እምቢ ልልዎት ነበር። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። እናቴ የነካችው ነገር ከሱ በቀር የለኝም፤ ኤግዚቢሽኑም ገና አላለቀም፤ ሰው ይመጣል። አንዲት አዛውንት በየሳምንቱ እየመጡ ሆዷ ላይ እጃቸውን ያኖራሉ። ከዚያ መቀነቱን ቀና ብለው አይተው፣ ማንንም ሳያናግሩ ይወጣሉ።

ትናንት ከመዘጋቱ በፊት ቆሜ አየሁት። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ መቀነት የተፈታ መቀነት ነው። የተፈታው ደግሞ እናቴን ምጥ ሲይዛት ነው። እኔ ለዘላለም እንደተፈታ ላቆየው ነበር። አወረድኩት። አንዴ ብቻ ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት፣ ከዚያ አጣጠፍኩት። አዲስ አበባ የሚበር ሰው አግኝቻለሁ፤ ከዚያ በአውቶቡስ በደጀን በኩል ይመጣልዎታል። ሚስማሩን አልነቀልኩትም። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ላይ ነው እላለሁ።

ለዜማ ማርያም ትቅረብሽ ይበሉልኝ። አዲሱን ዓመት በጤና ያግባን።

ልጅዎ ማርያማዊት


መርጡለ ማርያም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፣

ዜማን ማርያም ማረቻት። ትናንት ነው። ምጡ ሲጠናባት ጤና ጣቢያው ውስጥ ነበረች፤ ደም ፈሷት ነበር፣ ልጆቹ በመርፌ አቆሙት። ልጆቹ የምልሽ አዋላጆቹን ነው፤ ሁለቱም ካንቺ ያንሳሉ።

ሙሉብርሃን ደጅ ቆሞ «ምንድን ነው?» ይላል። «ሴት ናት» አልኩት። ዓይኑን እንደ ልማዱ ወደ ላይ ሰቀለ፤ እንባው እንዳይታይ ነው።

መቀነቱ በጊዜው ደርሷል። ሕፃኗ የራሷ ብርድ ልብስ አላት፣ ሞቅ ብሏት ተኝታለች። ስለዚህ መቀነቱን ለእናቷ አደረግኩት። ዜማን ቀና አድርጌ ሆዷን አሰርኩት፤ ሦስት ዙር ዞረ፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ አስገባሁት። «አጠበቅሽው፣ እታለም» አለችኝ። «ይጥበቅ» አልኳት።

ከዚያ ወደ በሩ ወጥቼ እልል አልኩ። ለሴት ሦስት ነው። ሦስቱን ጨረስኩ። አላቆምኩም። አንደኛዋ አዋላጅ መጥታ «እማማ፣ ታማሚዎች አሉ፣ ይበቃል» አለችኝ።

የአንዷን ነው የጨረስኩት አልኳት፤ እህቴ ጥላብኝ ለሄደችው ልጅ ያላልኩት ገና አለ።

አክስትሽ የብርጓል